ዊልያም ጆን ሊትል

ዊልያም ጆን ሊትል (1810 – 1894 እ.ኤ.አ.) የሕጻናትን የእጅና የእግር መገታተር በወሊድ ጊዜ ከሚደርስ የአንጎል ጉዳት ጋር በማያያዝ የሚታወቅ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። ከሴሬብራል ፓልሲ ዓይነቶች በተለይ ሁለቱን እግሮች የሚያገታትረው ለረጅም ዘመን የሊትል በሽታ ተብሎ ይጠራ ነበር።

ሊትል የተወለደው ለንደን ውስጥ ነው። በሕጻንነቱ ልምሻ (ፖሊዮ) ይዞት ግራ እግሩ ቆልማማ ሆኖ ቀረ። ሕክምና ከተማረ በኋላ ለራሱ እግር ፈውስ ፍለጋ ወደ ጀርመን ሄደ። በ1836 እ.ኤ.አ. ሃኖቨር ከተማ ሉዊስ ሽትሮማየር የተባለ ቀዶ ሐኪም ቆዳውን በትንሹ በስቶ የተረከዙን ጅማት ቆረጠለት፤ እግሩም ተቃና። ሊትል ይህን ዘዴ ተምሮ ወደ እንግሊዝ አመጣው። በ1840 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለንደን ላይ የአካል ጉድለት ሕክምና ተቋም እንዲከፈት አደረገ።

ከሚያያቸው ልጆች መካከል እግራቸው ተገታትሮ ጉልበታቸው እየተጋጨ የሚሄዱ ነበሩ። አወላለዳቸውን ሲጠይቅ ብዙዎቹ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ፣ የእናታቸው ምጥ የጠና ወይም ሲወለዱ ቶሎ ያልተነፈሱ ሆነው አገኛቸው። በ1861 እ.ኤ.አ. ለለንደን የማዋለጃ ሐኪሞች ማኅበር የ47 ልጆችን ታሪክ አቅርቦ፣ የችግሩ ሥር እግር ሳይሆን አየር ያጣ አንጎል መሆኑን አስረዳ።

ሊትል ባረፈ በ3ኛው ዓመት፣ በ1897 እ.ኤ.አ.፣ ሲግመንድ ፍሮይድ ሐሳቡን ወደ ኋላ ገፋው፦ አስቸጋሪው ወሊድ ራሱ ፅንሱ በማኅፀን ሳለ የደረሰበት ጉዳት ምልክት ሊሆን ይችላል አለ። ዛሬም አብዛኛው ሴሬብራል ፓልሲ በወሊድ ሰዓት መታፈን ብቻ እንደማይመጣ ይታወቃል።

ሊትል ሊያየው ያልቻለው የጉዳቱ ሂደት በሕዋስ ውስጥ ይፈጸማል። ማይቶኮንድሪያ በኦክስጅን አማካይነት ለሕዋስ ኃይል የሚያመነጩ ጥቃቅን አካላት ናቸው። በእንግዴ ልጅ ወይም በእትብት በኩል የሚመጣው ኦክስጅን ሲቋረጥ የፅንሱ የአንጎል ሕዋሳት ኃይል ያልቅባቸዋል፤ ካልሲየምም ወደ ውስጣቸው ይጎርፋል። የደም ዝውውሩ ሲመለስ ለጥቂት ሰዓታት ያገገሙ ይመስላሉ። ይሁንና የተጎዱት ማይቶኮንድሪያ እንደገና ይደክማሉ፤ የሕዋስ ሞትን የሚያስጀምሩ ፕሮቲኖችንም ይለቃሉ። ዛሬ ጊዜው ደርሶ ሲወለድ የታፈነን ሕጻን ለማዳን የሚሞከረው በእነዚህ ሰዓታት ነው፦ በ6 ሰዓት ውስጥ የሰውነቱ ሙቀት ወደ 33.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ዝቅ ተደርጎ ለ72 ሰዓት ይቆያል።