ጌለን እና ድምፁ የጠፋው አሳማ

አናቶሚ ክፍል ውስጥ የጌለን ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ስህተቶቹን ነው። እኔ ግን በሰመመን ሕክምና ስሠራ ውለታው ስላለብኝ፣ ለዚህ መጽሔት የሱን ታሪክ መረጥኩ።

ጌለን እ.ኤ.አ. በ129 በጴርጋሞን፣ በዛሬዋ ቱርክ ተወለደ። የሥነ ሕንፃ ባለሙያ የነበረው አባቱ ኒቆን፣ ሕልም አይቶ ነው አሉ ልጁን ወደ ሕክምና የመራው። ጌለን በሰምርኔስ፣ በቆሮንቶስና በእስክንድርያ ተምሮ ሲመለስ የግላዲያተሮች ሐኪም ሆነ፤ በ162 ሮም ገባ።

እዚያ በታላላቅ ሰዎች ፊት ያሳየው ሙከራ ነው ከኛ ሥራ ጋር የሚያገናኘው። የታሰረ አሳማ ይጮሃል። ጌለን አንገቱ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ነርቮች በክር ሲያስር ጩኸቱ ቀጥ ይላል፤ ክሩን ሲፈታ ይመለሳል። ድምፅ ከልብ ይወጣል ለሚሉት ፈላስፎች፣ ትእዛዙ ከአንጎል በነርቭ እንደሚመጣ አሳያቸው። ነርቮቹ ደረት ድረስ ወርደው ወደ ጉሮሮ ስለሚመለሱም ተመላሽ አላቸው። አንድ ሐኪም ከልጅ አንገት ላይ እብጠት በጥፍሩ ቦጭቆ ሲያወጣ ልጁን ድምፅ አልባ እንዳደረገውም ጽፏል።

ዛሬም እንቅርት ሲወጣ የምንፈራው ያንኑ ነው። በመተንፈሻ ቱቦው ላይ ያሉት ኤሌክትሮዶች የድምፅ አውታሮቹን ይነካሉ፤ ሰርጀኑ ነርቩን በትንሽ ኤሌክትሪክ ሲቀሰቅሰው ጡንቻው ይመልሳል፣ ማሽኑም ይጮሃል። ጡንቻው በመድኃኒት ከላላ ግን ጤነኛ ነርቭም መልስ የለውም።

ስልጠና ላይ ሳለሁ፣ ቱቦ ለማስገባት የሰጠሁት ሳይበቃኝ ሮኩሮኒየም ደገምኩ። ታካሚዋ አስተማሪ ነበሩ። ማሽኑ ዝም ሲል ሰርጀኑ እጁን ሰበሰበ። ነርቩ ተጎድቶ ነው ወይስ በኔ መድኃኒት? ማን ይለየው! መድኃኒቱ እስኪለቅ ቆመን ጠበቅን። ማሽኑ እንደገና ሲጮህ ላብ አጥምቆኝ ነበር። ሴትዮዋ ሲነቁ ውሃ ጠየቁ፣ በጥርት ያለ ድምፅ።

ከዚያ ወዲህ ቶሎ በሚለቅ ሱክሲኒልኮሊን ወይም በአንድ ልክ ሮኩሮኒየም ቱቦውን አስገብቼ አልደግምም፤ ካስፈለገ በሱጋማዴክስ እመልሰዋለሁ። የጌለን አሳማ ጡንቻው አልላላም ነበር፤ ዝም ሲል ምክንያቱ ነርቩ እንደሆነ የታወቀውም ለዚህ ነው። የምታስተምሩ መምህራኖቻችን፣ የመድኃኒቱን መጠን ስታስጠኑ እባካችሁ የአሳማውንም ታሪክ ጨምሩላቸው።