ቅዱስ ያሬድ፤ በቃል የተያዘና በምስክር የጸና

ለሶፍትዌር ነዳፊ ከሚቀርቡት ከባድ ጥያቄዎች አንዱ፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚያስፈልገውን መረጃ ከዋናው ማከማቻ እየተመላለሰ ያንብብ ወይስ ግልባጩን በቅርብ፣ በካሽ፣ ይያዝ የሚለው ነው። ግልባጭ ፍጥነትን ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ ከዋናው ጋር ካልተመሳከረ ስሕተትን ያጸናል። የዜማው ሊቅ የያሬድ ሕይወትና ቅርስ ይህንኑ ጥያቄ ከኮምፒዩተር ዘመን አስቀድሞ ያነሣል።

በትውፊት እንደሚነገረው ያሬድ በ505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አባቱን በሕፃንነቱ ስላጣ ከዘመዱ ከጌዴዎን ዘንድ ለትምህርት ገባ። ቃል መያዝ ግን ተሳነው፤ በቅጣቱ ተማርሮ ሲኰበልል፣ እየወደቀ ዛፍ የሚወጣ ትል አይቶ ተመለሰ፤ ትምህርቱንም ፈጸመ። በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን በግዕዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ ዜማውን አደራጀ። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የእርሱ ድርሰቶች ናቸው ይባላል፤ ዝማሬንም የደረሰው በጋይንት፣ በዙር አባ እንደ ሆነ ይተረካል። በመጨረሻም ወደ ሰሜን ተራሮች ገብቶ በዚያው ዐረፈ።

ከእርሱ በኋላ ዜማው በደቀ መዛሙርት ቃል ሲተላለፍ ኖረ። በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት ሠሩለት። ምልክቱ ዜማውን በሙሉ አይጽፍም፤ ከታወቀ ቃል የተወሰዱ ጥቂት ፊደላት ከንባቡ በላይ ተቀምጠው፣ ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን ዜማ ይጠቁሙታል። ስለዚህ ያለ ቃል ብራናው አይነበብም፤ ያለ ብራናም ቃሉ ይዘነጋል።

ሁለቱም ቢሳሳቱስ? የዚህ መልስ በጋይንት ይገኛል። በሌላ ደብር ድጓ የተማረ ሰው ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ የያዘውን ከምስክር ቤቱ ዜማ ጋር ያስተያያል፤ የተሳሳተውን ያርማል፤ ከዚያም ተመስክሮለት መምህር ይባላል። በእስቴ ያለው ቆማ ደግሞ የራሱ የዜማ ስልት ስላለው፣ የቆማን ዜማ በቤተ ልሔም ሚዛን ስሕተት ማለት አይገባም። ግልባጭ የሚመዘነው በምንጩ ነውና ምንጩ መታወቅ ይኖርበታል።

ነዳፊውም ከዚህ የሚማረው አለ። ዘወትር የሚፈለገውንና እምብዛም የማይለወጠውን በቅርብ መያዝ መልካም ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚለወጠውን ግን፣ እንደ ባንክ ሒሳብ ቀሪ ያለውን፣ ከዋናው ሳያመሳክሩ ማመን ከባለቤቱ ገንዘብ ጋር መቀለድ ይሆናል። የትኛው ዋና፣ የትኛው ግልባጭ እንደ ሆነ፣ ግልባጩም መቼ ለምስክር እንደሚቀርብ አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ ፍጥነቱ ስሕተትን ከማፋጠን በቀር ጥቅም አይኖረውም።