የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ የሕይወት ታሪክ

የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ አስቀድሞ የሚጠየቀው፣ ቤቱ የት ነበር? የሚለው ጥያቄ ነው። ለብዙዎቹ የታወቁ ሰዎች መልሱ ቀላል ነው። የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ግን እንዲህ አይደለም። ልዑሉ በ18 ዓመት ዕድሜው እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ከአምባ ወደ ድንኳን፣ ከድንኳን ወደ መርከብ፣ ከመርከብ ወደ ሰው ቤት ሲዛወር ኖሯል። ስለዚህ ቤቱን ለማግኘት የተጓዘበትን መንገድ ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

መነሻው የጎንደር ምድር ነው። አባቱ አፄ ቴዎድሮስ የቋራ ሰው ነበሩ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ደግሞ የሰሜን ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። ደጃዝማች ውቤ በሰሜን ደጋ ላይ የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር። ይሁን እንጂ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት ድል ሆነው ተማረኩ። በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዘውድ የጫኑት ድል አድራጊው ካሣ ኃይሉ ሲሆኑ፣ ስማቸውም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ። ከዓመታት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የባላንጣቸውን ልጅ አገቡ፤ በ1853 ዓ.ም. ዓለማየሁ ተወለደ። በዚህ ሕፃን ሰውነት የቋራና የሰሜን፣ የአሸናፊና የተሸናፊ ደም ተገናኘ።

ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው የአባቱ መንግሥት ፈረሰ። በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በትንሣኤ ማግሥት መቅደላን ያዘ። አፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ይልቅ በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ። ወታደሮቹ አምባውን ዘረፉ። ንጉሡ ከጎንደር አድባራት ወስደው በመቅደላ ካከማቿቸው የብራና መጻሕፍት መካከል 350 ያህሉ ወደ እንግሊዝ ተጋዙ። ልዑሉም ያንኑ መንገድ ተከተለ።

እቴጌ ጥሩወርቅ ወደ ዘመዶቻቸው አገር ወደ ሰሜን ለመመለስ ይመኙ ነበር። ሆኖም ከጦሩ ጋር ሲጓዙ ታመው በግንቦት ወር ትግራይ ውስጥ አረፉና በጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ዓለማየሁ በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ አባቱንም እናቱንም አጣ። ከዚህ በኋላ አሳዳጊው ካፒቴን ስፒዲ ሆነ። ስፒዲ ቀድሞ በአፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለ፣ አማርኛም የሚችል መኮንን ነበር። ሕፃኑ ሌሊት ሌሊት እየባነነ ስለሚፈራ ከእርሱ አይለይም ነበር።

በሐምሌ 1860 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ደረሱ። በዚያው ወር ልዑሉ በዋይት ደሴት በሚገኘው በኦስቦርን ቤተ መንግሥት ለንግሥት ቪክቶሪያ ቀረበ። ንግሥቲቱም ወደዱት፤ አዘኑለትም። ከዚያ በኋላ በደሴቲቱ ምዕራባዊ ጫፍ በምትገኘው ፍሬሽዎተር በተባለች የባሕር ዳር መንደር ተቀመጠ። በዚያ አፍተን የተባለው ሰፊ ቤት የስፒዲ አማቾች መኖሪያ ነበር። በዚህችው መንደር ትኖር የነበረችው የታወቀችው ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ልጁንና አሳዳጊውን በኢትዮጵያ ልብስ ፎቶግራፍ አነሣቻቸው። ዲምቦላ የሚባለው መኖሪያዋ ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኗል። የልዑሉን የባሕር ማዶ ቤት ፈልጎ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ አስቀድሞ የሚደርሰው ወደዚህች መንደር ነው። ፎቶግራፎቹን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው የሚያስታውሰው ግን የሕፃኑን ጌጥ ሳይሆን ያዘነ ፊቱን ነው።

ፍሬሽዎተርም ቢሆን መቆያ እንጂ ቤት አልሆነችውም። ስፒዲ ለሥራ ሲላክ ልጁን ይዞ ወደ ህንድ፣ ቀጥሎም ወደ ፔናንግ ሄደ። በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ልዑሉ በእንግሊዝ አገር ትምህርት እንዲማር ወስኖ ከአሳዳጊው ለየው። በቼልተንሃም ከመምህር ጄክስ ብሌክ ዘንድ ተቀመጠ። መምህሩ በ1866 ዓ.ም. የራግቢ ትምህርት ቤት ኃላፊ ሲሆኑም አብሮ ሄደ። ከዚያ በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ ነገር ግን ትምህርቱም ኑሮውም አልተስማማውም። በኢትዮጵያ የነበሩት አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ በናፍቆት ደብዳቤ ቢጽፉለትም፣ በአካል ሳይተያዩ ቀሩ።

የመጨረሻ መኖሪያው በሰሜን እንግሊዝ በሊድስ ከተማ፣ ሄዲንግሊ በተባለው ሠፈር የሚገኝ ቤት ነበር። ወደዚያ የሄደው የቀድሞ አስተማሪው ሲሪል ራንሰም እንዲያስተምረው ነው። እዚያም የሳንባ በሽታ ያዘውና በኅዳር 1872 ዓ.ም. ሞተ። ንግሥት ቪክቶሪያ ይህ ወጣት ያለ ወገን ያለ ዘመድ በባዕድ አገር መሞቱ እጅግ እንዳሳዘናቸው በዕለት ማስታወሻቸው ላይ ጽፈዋል። በትእዛዛቸውም በዊንድሰር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ።

ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያውያን የልዑሉ ዐፅም ወደ አገሩ እንዲመለስ ሲጠይቁ ቆይተዋል። በ1999 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ይህንኑ ጥያቄ ለእንግሊዝ ንግሥት አቅርበው ነበር። በ2015 ዓ.ም. የበኪንግሃም ቤተ መንግሥት የሰጠው መልስ ግን፣ በአካባቢው የተቀበሩትን የሌሎች ሰዎች ዐፅም ሳይነኩ የእርሱን ማውጣት አይቻልም የሚል ነው። ሆኖም የአፄ ቴዎድሮስ ጠጉር በ2011 ዓ.ም. ከለንደን ቤተ መዘክር ለኢትዮጵያ ተመልሷል። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያም የስፒዲ ቤተሰብ ትውልድ ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፈው የኖረው የልዑሉ ጠጉር ለኢትዮጵያ ተሰጥቷል።

እንግዲህ ከአፍተን እስከ ሄዲንግሊ ልዑሉ ያደረባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ጣራ አልጐደለበትም፤ የጐደለው በቋንቋው የሚጠራው ወገን ነበር። ቤት የሚባለው ግድግዳውና ጣራው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዓለማየሁ ቤት አጣ አይባልም ነበር። እናቱ ሊደርሱባት የጀመሩት የሰሜን ደጋ መንገድ ግን እስከ ዛሬ እንደ ተቋረጠ ነው።