ቻርልስ ዳውና ሦስቱ የገበያ እንቅስቃሴዎች

በዛሬው ጊዜ አክሲዮን የሚገዙና የሚሸጡ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች የአንዱን አክሲዮን ዋጋ በደቂቃ፣ በሰዓትና በቀን እየለኩ፣ ልዩ ልዩ አመልካቾችንም እያነጻጸሩ ይወስናሉ። ዘዴው ከኮምፒዩተር ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከሥረ መሠረቶቹ አንዱ በእርሳስና በወረቀት ይሠራ ከነበረ ጋዜጠኛ የተገኘ ነው። ይህም ሰው ቻርልስ ሄንሪ ዳው ነው።

ዳው በአሜሪካ አገር፣ በኮኔቲከት ግዛት፣ ስተርሊንግ በምትባል ሥፍራ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1851 ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ (ከዚህ በታች የተጠቀሱትም ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የሞተው እርሱ ገና ሕፃን ሳለ በመሆኑ፣ ከፍተኛ ትምህርት ሳያገኝ ወደ ሥራ ገባ። የጋዜጠኝነትን ሙያ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ጀምሮ በፕሮቪደንስ አዳበረ። በ1879 ከባለገንዘቦች ጋር ወደ ኮሎራዶ ተጉዞ ስለ ሌድቪል የብር ማዕድን ለጋዜጣው ጻፈ። ከዚያ በኋላ ኑሮውን በኒው ዮርክ አደረገ።

በኖቬምበር 1882 ከኤድዋርድ ጆንስና ከቻርልስ በርግስትሬሰር ጋር ሆኖ ዳው ጆንስ የተባለውን የዜና ድርጅት አቋቋመ። ሥራቸው በዎል ስትሪት የሚሰማውን ወሬ አጣርተው በእጅ እየጻፉ በመልእክተኞች ለደንበኞች ማዳረስ ነበር። ይኸው ድርጅት በጁላይ 8 ቀን 1889 ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለውን ጋዜጣ ማሳተም ጀመረ።

በዚያ ዘመን ነጋዴው የሚያየው የእያንዳንዱን አክሲዮን ዋጋ ብቻ ነበር። አንዱ ሲወጣ ሌላው ስለሚወርድ ገበያው በጠቅላላው ወዴት እንደሚያመራ ለመናገር አዳጋች ነበር። ዳው በጁላይ 3 ቀን 1884 የ11 ኩባንያዎችን አክሲዮኖች ዋጋ ደምሮ በቁጥራቸው በማካፈል የመጀመሪያውን አማካይ አወጣ፤ ከእነዚህም ውስጥ 9ኙ የባቡር ሐዲድ ኩባንያዎች ነበሩ። በሜይ 26 ቀን 1896 ደግሞ የ12 የኢንዱስትሪ ኩባንያዎችን አማካይ አሳተመ። የዕለቱም ውጤት 40.94 ነበር።

ከ1899 ጀምሮ እስከ 1902 ድረስ በጋዜጣው በጻፋቸው ርእሰ አንቀጾች፣ በገበያው ውስጥ ሦስት እንቅስቃሴዎች በአንድ ጊዜ እንደሚካሄዱ አስረዳ። የመጀመሪያው ከቀን ወደ ቀን የሚታየው ጠባብ መለዋወጥ ነው። ሁለተኛው ከሁለት ሳምንት እስከ አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ የሚቆየው ነው። ሦስተኛው ዓመታትን የሚፈጀው ዋናው ጉዞ ነው። የዋናውን ጉዞ መመለስ ለማወቅም የባሕርን ሙላት በምሳሌነት ተጠቀመ። በባሕር ዳር የቆመ ሰው ማዕበሉ በደረሰበት ሥፍራ ሁሉ እንጨት ይተክላል። በመጨረሻ ከተተከለው እንጨት የሚደርስ ማዕበል ሲጠፋና ውኃው እየሸሸ ሲሄድ፣ ሙላቱ መመለሱን ያውቃል። ስለዚህ አንድ ማዕበል ወደ ኋላ ስላለ ብቻ ባሕሩ ሸሸ ብሎ መፍረድ አይገባም።

የዚህ አስተያየት ቁም ነገር በ1901 በግልጽ ታየ። በሜይ 9 ቀን የኖርዘርን ፓሲፊክን የባቡር ኩባንያ ለመቆጣጠር ሁለት ኃያላን ወገኖች በተሻሙበት ጊዜ፣ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ እስከ 1000 ዶላር ሲወጣ የሌሎች ኩባንያዎች አክሲዮኖች በድንጋጤ ተሸጠው ወደቁ። የዚያን ቀን ብቻ ተመልክቶ የሸጠ ሰው ከሰረ፤ ምክንያቱም በጁን ወር የኢንዱስትሪው አማካይ ከ78 በላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን በማገገሙ ተደስቶ ዋናውን ጉዞ የዘነጋውም አልዳነም። አማካዩ ከዚያ በኋላ እየወረደ በኖቬምበር 1903 ወደ 42 ግድም ዘቅጧል።

ዳው ይህን ፍጻሜ አላየም። በዲሴምበር 4 ቀን 1902 በ51 ዓመቱ በብሩክሊን አረፈ። ሐሳቡን በመጽሐፍ አልደጎሰም። ርእሰ አንቀጾቹን ሰብስቦ የዳው ንድፈ ሐሳብ የሚል ስም የሰጠው ሳሙኤል ኔልሰን ሲሆን፣ ዊልያም ፒተር ሃሚልተን በ1922፣ ሮበርት ሪያ በ1932 ባሳተሟቸው መጻሕፍት አስፋፍተውታል።

ዛሬ የንግድ ፕሮግራም የሚጽፍ ባለሙያ ሦስቱን እንቅስቃሴዎች በተለያዩ የጊዜ እርከኖች ይመለከታቸዋል። ረጅሙ እርከን አቅጣጫን፣ አጭሩ ደግሞ የመግቢያን ሰዓት ይሰጣል። ታላቁ ስሕተት የሚፈጠረው ሁለቱ በሚገናኙበት ላይ ነው። ፕሮግራሙ ረፋድ ላይ የቀኑን አመልካች ሲጠይቅ ቀኑ ገና አልተዘጋም፤ የሚያገኘውም ቁጥር እስከ ማታ ሊለወጥ የሚችል ነው። ካለፉ ዓመታት በተሰበሰበ መዝገብ ሲፈተን ደግሞ የቀኑ የመዝጊያ ዋጋ አስቀድሞ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ጥንቃቄ ካልተደረገ ረፋድ ላይ ሆኖ የማታውን ዋጋ ያነባል። እንዲህ ያለው ፈተና የሚያሳየው ትርፍ ያማረ ነው፤ በእውነተኛው ገበያ ግን ገንዘቡን ይዞ ይጠፋል። መድኃኒቱ ከረጅሙ እርከን የመጨረሻውን የተዘጋ ቀን ብቻ መውሰድና እያንዳንዱ ቁጥር የታወቀበትን ሰዓት አብሮ መመዝገብ ነው።

ዳው ለዚህ ጥንቃቄ የተለየ ደንብ ማውጣት አላስፈለገውም። የዕለቱን የመዝጊያ ዋጋ ለመደመር ገበያው እስኪዘጋ መጠበቅ ግዴታው ነበር። በእርሱ ዘመን እርሳሱ ያስገድድ የነበረውን ትዕግሥት ዛሬ ኮምፒዩተሩ በራሱ አያመጣውም። ትዕግሥቱን በፕሮግራሙ ውስጥ መጻፍ የባለሙያው ኃላፊነት ነው።