ቅድስት ልድዊና ዘስኪዳም

ልድዊና እ.ኤ.አ. በ1380 በሆላንድ አገር፣ በስኪዳም ከተማ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደች። ከስምንት ወንድሞች መካከል ሴት ልጅ እርሷ ብቻ ነበረች። በ15 ዓመቷ ገደማ፣ በብርድ ወራት፣ በረዶ በሆነ ውኃ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ስትንሸራተት ወድቃ የጎኗ አጥንት ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ጤና አላገኘችም። በመጀመሪያ የቤቱን ዕቃ እየተደገፈች ትራመድ ነበር፤ እያደር ግን እግሮቿ ከዷት፣ ቀኝ እጇም አልታዘዝ አላት፣ አንድ ዓይኗ ጠፋ፣ ሌላውም ብርሃን መቋቋም ተሳነው።

ዛሬ አንዳንድ ሐኪሞች የሕመሙን አዝጋሚ አካሄድ ተመልክተው መልቲፕል ስክሌሮሲስ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ይህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የአንጎልንና የሕብለ ሰረሰርን ነርቮች ሽፋን የሚያጠቃበት ሲሆን፣ የሚበዛውም በሴቶች ላይ ነው።

ትዕግሥቷ እኛ እንደምናስበው ከመጀመሪያው ቀን አብሯት የነበረ አይደለም። ለዓመታት አልቅሳለች፤ በዕጣዋም ተማርራለች። አባ ዮሐንስ ፖት የተባሉ ካህን እየተመላለሱ የጌታን ሕማም እንድታስብ አስተማሯት፤ ቅዱስ ቁርባንንም ያመጡላት ነበር። ትምህርቱ ወደ ልቧ እስኪገባ ግን ጊዜ ወሰደ። ሕመሙም አልቀለለላትም። ይሁን እንጂ ከተኛችበት ሆና ለእርሷ የሚመጣውን ምጽዋት ለድሆች ታካፍል፣ ሊጠይቋት የሚመጡትንም ኀዘንተኞች ታጽናና ጀመር።

እንዲህ ባለ ኑሮ ወደ 38 ዓመት ገደማ ቆይታ፣ በ1433 በትንሣኤ ሳምንት፣ አፕሪል 14 ቀን ዐረፈች። በ1890 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ ክብሯን አጸኑ።