ከሲስተሮች እግር ሥር የተማሩት ልዕልት

ነባር ነርስ ጀማሪዋን ከአልጋ ወደ አልጋ እያስከተለች የምታሠለጥንበት ሥርዓት በአገራችን ሥር ከመስደዱ በፊት፣ በባዕድ አገር በዚሁ መንገድ አልፈው ለሙያው ከበቁት ቀደምት ኢትዮጵያውያን አንዷ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

ልዕልት ፀሐይ በ1912 ዓ.ም ተወለዱ። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም ከወላጆቻቸው ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ። በስደትም ሳሉ የነርስነት ሙያ ለመማር ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገቡ።

በዘመኑ የነበረው ሥልጠና ከመማሪያ ክፍል ይልቅ በታማሚው አልጋ አጠገብ የሚሰጥ ነበር። ጀማሪዋ ተማሪ በክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ሥር ሆና አልጋ ታነጥፋለች፣ ሙቀት ትለካለች፣ ቁስል ታጥባለች፤ ስታጠፋም ትታረማለች። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅም ይህንኑ ደረጃ ተከትለው በ1931 ዓ.ም የሕፃናት ነርስነት ምስክር ወረቀታቸውን ተቀበሉ። ቀጥሎም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተቀጣጠለበት ወቅት በጋይስ ሆስፒታል ሥልጠናቸውን ቀጠሉ።

በ1933 ዓ.ም አገራችን ነፃነቷን ስታገኝ ልዕልት ፀሐይ ተመለሱ። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም ከአቢይ አበበ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ወደ ነቀምት አመሩ። ይሁን እንጂ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። ከሲስተሮቹ የቀሰሙትን ለጀማሪዎች የሚያወርሱበት ዕድሜ አላገኙም።

የጀመሩት ግን አልቀረም። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት ሲልቪያ ፓንክኸርስት በብሪታንያ ባስተባበሩት የገንዘብ መዋጮ በስማቸው ሆስፒታል ታንጾ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ። በውስጡም የነርሶች ትምህርት ቤት ተቋቁሞ፣ ወጣቶች በነባር ነርሶች ክትትል ሙያውን ቀሰሙ። ሆስፒታሉ ከጊዜ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆኗል።

ዛሬ ነርሶች የሚሠለጥኑት በመዲናዋ ብቻ አይደለም፤ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ የክልል ተቋማትም ያስመርቃሉ። ይሁንና ዲፕሎማም ሆነ ዲግሪ ይዛ እንደ ገሳይ ባለች የደጋ ከተማ ሥራ የምትጀምር ነርስ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከጎኗ የምትቆም ነባር ባለሙያ ያስፈልጋታል። የጤና ተቋማት ኃላፊዎች የሥራ ተራ ሲደለድሉ ጀማሪዋን ከነባሯ ጋር ማጣመር፣ ለነባሯም የማስተማሪያ ጊዜ መስጠት ይጠበቅባቸዋል። ልዕልቲቱም ለሙያው የበቁት እንዲህ ያለ ጊዜ በሰጧቸው ሲስተሮች ነው።