የሮኬት ስንቅ፦ የኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ የሕይወት ታሪክ

ስለ ጠፈር ጉዞ ሲወሳ በቅድሚያ የሚነሣው የጠፈርተኞቹ ስም ነው። ሮኬት የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችልና አቅሙ የት ላይ እንደሚያንስ በወረቀትና በእርሳስ አስልቶ ያሳየው ግን በሩሲያ ገጠር ከተሞች ሒሳብ ያስተምር የነበረ፣ ጆሮው በደንብ የማይሰማ መምህር ነው።

ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ በ1857 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሪያዛን ክፍለ ሀገር ተወለደ። በዐሥር ዓመቱ ገደማ ስካርሌት ፊቨር ያዘው። ይህ በሽታ ከጉሮሮ ተነሥቶ ወደ መካከለኛው ጆሮ ሊዘልቅ ይችላል። ዛሬ በፔኒሲሊን ይድናል፤ ያኔ ግን መድኃኒት አልነበረውም። ልጁ ከሞት ቢተርፍም የመስማት ችሎታው በእጅጉ ተዳከመ። በ13 ዓመቱ ደግሞ እናቱ ሞተችበት። የመምህራኑን ድምፅ መከታተል ስላልቻለ ትምህርቱን አቋረጠ።

በ1873 አባቱ ወደ ሞስኮ ላከው። በዚያም ሦስት ዓመት ያህል ቤተ መጻሕፍት እየዋለ ሒሳብና ፊዚክስን በራሱ ተማረ። ከቤት የሚላክለትን ጥቂት ገንዘብ ለመጻሕፍትና ለሙከራ ዕቃ እያዋለ በዳቦ ብቻ ይኖር ነበር። ከወር አበሉ ላይ መጽሐፍ ገዝቶ ምሳውን የዘለለ ተማሪ ይህን ኑሮ ያውቀዋል። በኋላም የመምህርነት ፈተና አልፎ በመጀመሪያ በቦሮቭስክ፣ ከ1892 ጀምሮ ደግሞ በካሉጋ አስተማረ።

በ1902 ወንድ ልጁ ሞተበት። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1903፣ ስሙን ያስጠራውን የሮኬት ጥናት አሳተመ። የጥናቱን ፍሬ ነገር በነጋዴ መመሰል ይቻላል። በረሃ የሚያቋርጥ ነጋዴ ስንቁን በበቅሎ ይጭናል፤ ለበቅሎዋ ገብስ ሌላ በቅሎ ያሻል፤ ለዚያችም እንዲሁ። ሮኬትም ነዳጁን ራሱ ተሸክሞ ስለሚሄድ፣ ፍጥነቱ በእኩል መጠን እየተደመረ ሲጨምር ክብደቱ ግን እየተባዛ ያድጋል። ሰዎችን ወደ ጨረቃ የወሰደው ሳተርን 5 ሲነሣ 2,900 ቶን ያህል ይመዝን ነበር፤ ወደ ጨረቃ የላከው 45 ቶን ገደማ ብቻ ነው።

ጺዮልኮቭስኪ ፈሳሽ ሃይድሮጅንና ፈሳሽ ኦክስጅን በነዳጅነት እንዲያገለግሉ ሐሳብ አቀረበ። በ1929 ደግሞ ነዳጃቸውን የጨረሱ ክፍሎች በየተራ እየወደቁ የሚቀሩበትን ተቀጣጣይ ሮኬት አብራራ። ይህም ቢሆን ሕጉን አያሽረውም፤ ሸክሙን ያቃልላል እንጂ።

ስለዚህ ስንቅ የማያሻው መንገድ ማሰብ ግድ ነው። ይህንንም አስቀድሞ በ1895፣ ከፓሪሱ የኤፌል ግንብ ሐሳብ ወስዶ፣ ከምድር ወገብ ተነሥቶ እስከ ጠፈር የሚዘልቅ ግንብ በምናቡ ሥሎ ነበር። በ36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምድር ስበትና የመሬት መሽከርከር ይመጣጠናሉ፤ እዚያ የደረሰ ሰው ክብደት አይሰማውም። ይህን ያህል የሚረዝም ግንብ የራሱን ክብደት አይችልም። በ1960 የሌኒንግራዱ መሐንዲስ ዩሪ አርጹታኖቭ ሐሳቡን ገልብጦ ከላይ ወደ ታች የሚንጠለጠል ገመድ አቀረበ። ለዚያ የሚበቃ ጠንካራና ቀላል ገመድ እስከ ዛሬ አልተሠራም። በፀሐይ ብርሃን ግፊት የሚሄድ ሸራ ግን በ2010 የጃፓኑ ኢካሮስ በጠፈር ላይ ዘርግቶ አሳይቷል።

ጺዮልኮቭስኪ በ1935 በካሉጋ ሞተ። የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ የመጠቀችው በ1957፣ እሱ በተወለደ በ100ኛው ዓመት ነው። የአንድን መድኃኒት ወሰን ያላወቀ ሐኪም ሌላ መድኃኒት አይፈልግም። ይህ መምህር ሮኬትን ከማንም አብልጦ ወደደ፤ ወሰኑንም በራሱ እጅ ለካ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ለተከታዮቹ ትቶ ሄደ።